ካፖ ልሆን ወደ ጉና ሥር የወጣሁበት ሰሞን

የጎንደር ሰው ደብረ ታቦርን የሚያውቀው በስም ነው፤ ጉናን ደግሞ በብርድ። ሌሊቱን ንፋስ ሲቆርጠው አድሮ ጠዋት «ዛሬ ከጉና መጣ» ይላል እንጂ ከዚያ ወዲያ አልፎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ሁለቱንም አይቼ ተመለስሁ። ከተመለስሁ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንዱን ታሪክ ደጋግሞ ስለሚያስወራኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል አልሁ።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ጎንደር ያን ሰሞን ከዳር እስከ ዳር ግንባታ ነበረች። እኔ አስረስ የተማርሁት ቅኔ ሲሆን እንጀራዬ ግን ድንጋይ ቆጠራ ነበር፤ አንድ ሸክም ድንጋይ ባለፈ ቁጥር ወረቀቴ ላይ አንድ ጭረት እጭራለሁ። ከእኔ በላይ ካፖ አለ። ካፖ ማለት የሥራው ሁሉ አለቃ ነው፤ ፊሽካ በአንገቱ፣ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው፣ ሥራው ቆሞ ማየት። ቆሞ ለማየት የተፈጠርሁ እኔ፣ በስህተት ቁጭ ብዬ እንድቆጥር የተደረግሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጆሜትራው፣ የሥራውን ስፍራ የሚለካው ጣሊያን፣ አስጠራኝ። ከጉና ሥር ጥቁር ወንዝ በሚባል ውኃ ላይ ለእግረኛና ለበቅሎ የሚሆን ድልድይ ተጀምሮ ነበር። የግንቡ ሥራ ግራና ቀኝ አልቋል፤ ሃያ አራት የጽድ ግንድም ተቆርጦ፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበት ወንዙ ዳር ተከምሯል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የበፊቱ ካፖ ታምሜአለሁ ብሎ ጎንደር ገብቷል።

«ሂድና ለምን እንደቆመ እይ» አለኝ። «ዝናብ ሳይገባ ካስጨረስህ ካፖ ትሆናለህ።»

ለሚስቴ ስነግራት ቡሃቃ እያጠበች ነበር። «ለእኔ አንዲት መደርደሪያ ስቀልልኝ ካልሁህ ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለች። «ወንዙ ምን ብሎ ቢለምንህ ነው?»

እኔ ግን ያን ምሽት የሥራ ሰሌዳ አዘጋጀሁ። አሥራ አራት ቀን አሰመርሁ፤ በየቀኑ ትይዩ ማን ምን እንደሚሠራ ጻፍሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ሥራ አስያዝኋቸው።

በመጀመሪያው ቀን ሲሚንቶ በጫነ ካሚዮን ላይ ተሰቅዬ ከጎንደር ተነሣሁ። ሳንርቅ ጎማው ፈነዳ፤ ሁለተኛ እንፍራዝ ላይ ፈነዳ። ሾፌሩ ተሳድቦ ሲያበቃ ጥላ ፈልጎ ተኛ። ከሲሚንቶው የተነሣ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስዬ ነበርና አቧራዬን ሳራግፍ፣ በመንገዱ ያልፉ የነበሩ አንድ ቄስ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ እኛ በእግራችን ነው የምንሄደው፤ ብዙ ጊዜ አይፈነዳብንም» አሉኝ። ይፋግ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ይፋግ ሞቃት ነው፤ የጎንደር ሰው እዚያ ሲደርስ ጋቢውን የት እንደሚያደርገው ይቸግረዋል። ያደርሁበት ቤት ባለቤት የጣና ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልኝ። ዓሣ እሾህ እንዳለው የማያውቅ እንግዳ አይታ አታውቅም ይመስለኛል፤ ከሳቋ በኋላ ግን ከጎኔ ተቀምጣ እንደ ሕፃን ለቅማ አጎረሰችኝ። ካፖ ልሆን እንደምሄድ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ተውሁት።

በሁለተኛው ቀን አያ ደሴ የሚባሉ በቅሎ ነጂ ይዘውኝ በፎገራ ሜዳ ተጓዝን። ሜዳው እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፤ ከብቱ ወፍራም፣ ሰዉ ዝምተኛ። እኛ ጎንደር አሥር እርምጃ ሳንሄድ ወይ ዳገት ወይ ዘበኛ ይገጥመናል። ርብ ወንዝ ስንደርስ ውኃው የግንቦት ውኃ ነውና ከጉልበት አያልፍም። በቅሎዬ መካከል ላይ ቆመች፤ አሰበች፤ ከዚያም ከነ እኔ ተኛች።

«ሙቀት ሲሆን ትወዳለች» አሉ አያ ደሴ ከዳር ሆነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አለቃ ነኝ አልኸኝ፤ አለቃ ይነገረዋል ብዬ አላሰብሁም።»

ከውኃው ስወጣ ሰሌዳዬን ከብብቴ አውጥቼ ብዘረጋው አሥራ አራቱ ቀን ቀልጠው አንድ ሰማያዊ ቀን ሆነዋል። ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። አንዲት ላም መጥታ አሸተተችው፤ አልበላችውም።

ያን ቀን የመሸብን ከደጋው ሥር ነው። አንድ ገበሬ ቤት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብለን ገባን። ሚስትየዋ እግሬን አጥባ እርጎና የገብስ ቆሎ አቀረበች። እኛ ጎንደር በዚያ ሰሞን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የፈቃድ ወረቀቱን እንጠይቅ ነበር፤ እግሩን ለማጠብ ጊዜ አልነበረንም። ባልየው ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ለማን ነው የምትሠራ?»

በዚያ አገር ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከኋላው የጣሊያን ምሽግ አለ፣ ጫካ አለ፣ ጫካ የገባ ወንድም አለ። «ለመንገድ» አልሁት።

«መንገድ ጌታ አለው እንዴ?» ብሎ ትንሽ አየኝ፤ ከዚያም መደቡን ለቆልኝ እሱ በሩ ሥር ተጋደመ። እኔን ለመጠበቅ ይሁን ከእኔ ለመጠበቅ አልጠየቅሁትም። ጠዋት ስንቅ ቋጥሮልኝ እስከ ዳገቱ ሸኘኝ።

በሦስተኛው ቀን ደብረ ታቦር ገባሁ። ከተማው ኮረብታ ላይ ነው፤ ብርዱ ከአጥንት ጋር ይነጋገራል። ጎንደር ሰው ሲያወራ እጁን ያወናጭፋል፤ እዚህ ሁሉም ሰው እጁን ጋቢው ውስጥ አድርጎ ስለሚያወራ ማን እንደተቆጣ ለማወቅ ዓይኑን ማየት ግድ ነው። ምሽጉ ዘንድ ከጆሜትራው የያዝሁትን ደብዳቤ ሳሳይ አንድ ወታደር አንብቦ፣ አገላብጦ፣ ከበስተኋላው ምንም እንደሌለ አረጋግጦ መለሰልኝ። ስለ ድልድዩ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ጣሊያንኛ የተማርሁት በከንቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ተሰማኝ፤ ትከሻ መስበቅ ትርጉም አያስፈልገውም።

ለድልድዩ ጠፍር ያስፈልገኛል ብዬ ገበያ ወረድሁ። ከቆዳ የተቀደደ ጠፍር የምትሸጠው ሴት ባዶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አልቋል» አለች። «እሜቴ የውብዳር ሁሉንም ወሰዱት። ነገ የባላቸው ተዝካር ነው፤ ዳስ ይጥላሉ።»

«የት?»

«ጥቁር ወንዝ ዳር ነዋ።»

በአራተኛው ቀን አያ ደሴን ተሰናብቼ ብቻዬን ግማሽ ቀን በእግር ወጣሁ። ገብሱ ገና ከመሬት ብቅ ያለ ነው፤ በጎቹ ከእኛ በጎች ይልቅ ጠጉራም ናቸው፤ ተራራው ጉም ተከናንቦ ማንንም አያይም። ጥቁር ወንዝ ስደርስ ሁለቱ ግንቦች ወዲህና ወዲያ ማዶ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ቆመዋል። ሠራተኛ የለም። ግንድ የለም። ግንዶቹ የነበሩበት ሣር ብቻ ተጋድሞ ቢጫ ሆኗል።

ሃያ አራት ግንድ! የመንግሥት ዕቃ የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ጎንደር ገበያ መካከል አይቻለሁ፤ አሁን ጠፋ የሚባልበት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከወዲያ ማዶ ኮረብታ ላይ የሰው ድምፅ ይሰማል። ሌላ የምሄድበት ስለሌለ ውኃውን በእግሬ ተሻግሬ ወደ ድምፁ ወጣሁ።

ዳሱ ሦስት መቶ ሰው ይዞ ይተነፍሳል። ማንነቴን ሳይጠይቁ እጄን አስታጥበው አስቀመጡኝ። የገብስ እንጀራ ጤፍ ለለመደ ጉሮሮ ትንሽ ይከራከራል፤ ወጡ ግን አስታረቀን። ካህናቱ በአንድ ወገን፣ ባልቴቶች በአንድ ወገን፣ የተጣሉ ዘመዶች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ ጠላው አንዱ ጋን ሳያልቅ ሌላው ይከፈታል፤ አንድም ሰው አይጮኽም። ፊሽካ ያለው የለም። ይህን ሁሉ ማን እንደሚያዝ ባይ፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ ቀጭን ሴትዮ ምሰሶው ሥር ቆመዋል። ወደ አንዱ ዓይናቸውን ሲጥሉ ይነሣል፤ ወደ ሌላው ሲጥሉ ይቀመጣል። እሜቴ የውብዳር ናቸው።

ጉርሻዬን ልውጥ ቀና ስል ከራሴ በላይ በቀይ ቀለም «17» የሚል አየሁ። ከጎኑ «18»። ቆጣሪ መቁጠር አይተውምና ቆጠርሁ፤ ሃያ አራቱም አሉ። ግማሹ ምሰሶ፣ ግማሹ ወራጅ ሆኖ ጣሪያውን ተሸክሟል። ጉርሻው ትን አለኝ።

እሜቴ ሳሌን ሰምተው ጠላ ይዘው መጡ።

«እሜቴ» አልሁ በቀስታ፣ «ይህ ዳስ...»

«አላፈሰሰም አይደል?»

«ግንዶቹ ቁጥር አላቸው።»

«አላቸው። ቁጥራቸው እንዳይፋቅ ነው በጠፍር ያሳሰርሁት። አንዱም አልተቆረጠ፣ ምስማር አልነካው። ከጎንደር የመጣኸው አንተ ነህ?»

«ነኝ። የመንግሥት ዕቃ ነው፣ እሜቴ። ያስሰቅላል።»

ተቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉትም። «ባሌ ንጉሤ ባለፈው ነሐሴ ከገበያ ሲመለስ ይህ ወንዝ ወሰደው። ከሦስት ቀን በኋላ ነው ያገኘነው። ድልድይ ሊሠራ ነው ብለው ድንጋይ ማስቆለል የጀመሩት መስከረም ላይ ነው። ግንዱ ለሱ ዘገየበት። ተዝካሩም እስከ ዛሬ ዘገየ፤ አንድ ቀን ቢያጠልልለት ምን አለበት? ነገ ቦታው ይመለሳል። ብላ አሁን፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

በላሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሪፖርቴን መጻፍ የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር፤ እጄ ግን ወጥ ነበረበት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እንግዶቹ ሊበተኑ ሲነሡ እሜቴ በር ላይ ቆሙ። የሚመርቁ መስሎኝ ነበር። መረቁም፤ ግን ለእያንዳንዱ ምርቃት አንድ ግንድ አስከተሉ። «አንተ በወንዙ ነው የምትወርድ፤ ከወንድሞችህ ጋር ይህችን ይዛችሁልኝ ውረዱ። እናንተ ደግሞ ያቺን፤ ቀጭን ናት።» ፀሐይ ሳትሞቅ ዳሱ ፈርሶ፣ ሃያ አራቱ ግንዶች በተራ ቁጥራቸው ወንዙ ዳር ተጋድመዋል። እኔ በሰሌዳዬ ለዕቃ ማጓጓዣ ሦስት ቀን መድቤ ነበር።

ድፍረት አገኘሁና «እሜቴ፣ እንዲያው ድልድዩንም...» አልሁ።

አያ ተገኘ የሚባሉ፣ የንጉሤ ታላቅ ወንድም፣ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አይሆንም! ያ ካፖ በአለንጋ ሲገርፈን ነው ሥራውን ጥለን የሄድን። ደግሞስ ድልድዩ ለእኛ ብቻ ነው? ለወታደሩም ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የመለሱት እሜቴ ናቸው።

«ወታደሩ ድልድይ ባይኖርም ይመጣል፣ አያ ተገኘ። ንጉሤ ግን ድልድይ ስለሌለ አልመጣም።»

አያ ተገኘ ወንዙን አዩት። ከዚያ በትራቸውን ነቅለው ነጠላቸውን አገለደሙ።

ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን የሆነውን ስናገር ሰው አያምነኝም። እሜቴ መጻፍ አያውቁም። ግን የትኛው ቤት ስንት ጎልማሳ እንዳለው፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ ማን ሲያሞግሱት እንደሚሠራና ማን ሲንቁት እንደሚሠራ ያውቃሉ። ሁለት የተጣሉ አማቾችን አንዱን ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ማዶ አቆሟቸው፤ ሁለቱ ወገኖች በእልህ ተሽቀዳደሙ። የተዝካሩን ቅራሪ አልደፉትም፤ የሥራው ክፍል ባለቀ ቁጥር አንድ ጋን ያስወርዳሉ፣ ካላለቀ ጋኑ ኮረብታው ላይ እንደተቀመጠ ይታያል። ከዚያ የበለጠ ሰሌዳ አላየሁም።

የእኔ ሥራ የመለኪያውን ሜትር መያዝ ነበር። «ያ ጥብጣብ ምን አለ?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው በክንዳቸው ደግመው ይለኩና «እውነቱን ነው» ይላሉ።

በሰባተኛው ቀን ግን ካፖነቴ ተነሣብኝ። እሜቴ ወደ ቤት ወጥተው ሳሉ «ግፉ!» ብዬ አዘዝሁ። ግንዱ በወዲያ ማዶ ገና አልታሰረም ነበር። ተንሸራተተና በግንባሩ ወንዝ ገባ፤ አያ ተገኘን በአንድ ስንዝር ሳታቸው። ሽማግሌው ገርጥተው ተቀመጡ። እኔ ከእሳቸው ይልቅ ገርጥቼ ነበር። የዚያን ቤት ሁለተኛ ወንድም በዚያው ወንዝ ልገድል ነበር። እሜቴ ወርደው ግንዱን አዩ፤ የባላቸውን ወንድም አዩ፤ እኔን አዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አስረስ፣ ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ና እስቲ፣ ይህን ጋን ዝንብ እንዳይገባበት ጠብቅልኝ።»

እስኪመሽ ድረስ ጋን ጠበቅሁ። አንድም ዝንብ አልገባም።

በዘጠነኛው ቀን ማታ አያ ተገኘ አንዲት በግ ይዘው ተሻገሩ፤ በጓ አልፈራችም። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ጆሜትራው ሳይታሰብ ከወታደሮች ጋር በበቅሎ መጣ። ድልድዩን ረገጠ፣ ዘለለ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ፣ ለካ። ሰዉ ሁሉ ወዲያ ማዶ ተኮልኩሎ ያያል። እሜቴ ከእኔ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ጥሩ ነው» አለ ጆሜትራው። «ማን ነው ያሠራው?»

ጣሊያን «እኔ» ለማለት «ኢዮ» ይላል። ኢዮብ ብሎ ጀምሮ ትዕግሥት ሲያልቅ እንደ መተው ነው። አጭር ቃል ነው፤ ሰው ሳያስበው ከአፉ ያመልጠዋል ብዬ እንዳልዋሽ፣ እኔ አስቤበታለሁ። ፊሽካውን አሰብሁ፤ ቦርሳውን አሰብሁ፤ ሚስቴን አሰብሁ።

«ኢዮ» አልሁ።

ጆሜትራው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ደብተሩ ላይ ስሜን ጻፈ፤ ወታደሮቹን ይዞም ሄደ። ጆሮዬ ግሎ ቆምሁ። እሜቴ ቀረቡ።

«ምን አለህ?»

«ማን ሠራው አለኝ።»

«ምን አልኸው?»

«ሕዝቡ ነው የሠራው... አልሁት።»

ፈገግ አሉ። «የሱን ቋንቋ አላውቅም፤ ግን ሲጠይቅህ እጅህን ደረትህ ላይ አሳረፍህ።»

መሬቱ ቢከፈት በገባሁ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ደግ አደረግህ። እኔን ቢያውቀኝ ነገ ምሽግ ሥሪልኝ ነው የሚለኝ። እንቢ ብል ያስረኛል፤ እሺ ብል ጫካ ያሉት ወንድሞቼ አይምሩኝም። እንኳን ያንተን ስም ጻፈ። አንተ ሠርተህ አታውቅም፤ ቢያዝህም ምን ታደርጋለህ?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም።

በማግስቱ በድልድዩ ላይ ተሻግሬ ወደ አገሬ ተመለስሁ። የገብስ ዳቦ፣ ድርቆሽና አንዲት ዶሮ አስይዘውኛል፤ ዶሮዋ ደብረ ታቦር ስደርስ አመለጠች፤ ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች በብርዱ ውስጥ ሲያባርሩልኝ አረፈዱ። ርብ ላይ በእግሬ ተሻገርሁ። ይፋግ ያቺ ሴት ዓሣ ልጥበስልህ ወይ ብላ ሳቀች። ጎንደር ስገባ ጆሜትራው ቃሉን አልበላብኝም፤ ካፖ ሆንሁ። ፊሽካ ሰጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ስድሳ ሰው ፊት ቆሜ ነፋሁት፤ ስድሳውም ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው፤ ማን ከማን እንደተጣላ እንኳ አላውቅም ነበር።

በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ ከዚያ በኩል ማር ይዞ የመጣ ነጋዴ አገኘሁ። ውኃው ያን ዓመት እንደ ጉድ ሞልቶ እንደነበር፣ ድልድዩ ግን ንቅንቅ እንዳላለ አጫወተኝ። «የንጉሤ ድልድይ» ብለውታል አለ።

«ማን ሠራው ይላሉ?» አልሁት፤ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«የሠራው እንኳ ሰው የለም» አለ ማሩን እየመዘነ። «ከተዝካር የተረፈ ነው ይላሉ።»